ከጎን የታየ ማዕዘን

ባለፈው ሳምንት ወደ ደባርቅ ስሄድ ኮሶዬ ላይ ወረድሁ። አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር እወርዳለሁ። ታላቅ እህቴ ትዋብ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ እሷ ዘንድ ሳልበላ ካለፍሁ ኩርፊያዋ እስከ መስቀል አይለቅም። ገና በሩን ስገባ «ምነው ከሳህ?» ትለኛለች። ብወፍርም ቃሏ አይለወጥም። ቀጥላ ሳልጠይቃት የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ በሳህን ሞልታ፣ ሚጥሚጣውን ከዳር ቆንጥራ ታስቀምጥልኛለች። ሌላው መንገደኛ ሽሮውን፣ ጥብሱን ያዛል፤ ለእኔ ግን መጀመሪያ ድንች ነው። የኮሶዬ ድንች ሲላጥ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል፤ በዚያ ጉምና ብርድ ላይ ትኩሱን ሲበሉት ደግሞ የሚያክለው የለም። ሆኖም ከእሷ እጅ በበላሁት ቁጥር አንድ የድሮ እሑድ ትዝ ይለኛል።

የዚያን ቀን የመጨረሻ ልጇ ከትምህርት ቤት መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። «አጎቴ፣ እንኳን መጣህ» ብላ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አንድ ወረቀት ዘረጋች። ሁለት መስመሮች በመስቀለኛ ተሠምረዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ቀስት ተነሥቶ ወደ አንዱ ጥግ ተዘርግቷል። «እዚህ ጋ ሳይን ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?» አለችኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጎንደር ውስጥ ሂሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ተኝቼም እመልሰዋለሁ። ግን እናቷ ከምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ትከትፍ ነበርና መልሱን ትቼ ድንች መላጥ ጀመርሁ።

ነገሩ የልጅነታችን ነው። አባታችን ቄስ ነበር፤ ቤታችን ከኮሶዬ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለች መንደር። ያኔ በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ እኔና ትዋብ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ስንቅ ባለቀ ቁጥር ቅዳሜ ሽቅብ ወጥተን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድርቆሹን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክመን እንመለሳለን። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እታለም ነው የምላት። ነገር ግን ቤት ውስጥ ለሥራ ስለምትፈለግ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ፣ ከእኔ ጋር ስለነበር አንድ ክፍል ነበርን። ጠዋት እሳት የምታነደው እሷ፣ ወጥ የምትሠራው እሷ፣ ለጥናት የምትቀሰቅሰኝም እሷ ነበረች። አንተስ ምን ትሠራ ነበር ብትሉኝ ውኃ እቀዳ ነበር እላለሁ፤ እሱንም ሲመቸኝ።

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምንወስድበት ዓመት ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ለትዋብ ሽማግሌ ተላከ። አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹን አክብሮ ሸኘና ሁለታችንን አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ ፈተናውን ካለፍሽ ሰዎቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ፤ ትማሪያለሽ። ካላለፍሽ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ» አላት።

«እሺ አባዬ» አለች ትዋብ። ብቻችንን ስንሆን ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አልፋለሁ። ተምሬ እዚሁ መንደራችን እገባና ሴት መምህር ምን እንደምትመስል አሳያቸዋለሁ» አለችኝ። በመንደራችን ትምህርት ቤት ሴት መምህር ታይታ አታውቅም ነበር። እሷ ስትናገረው ግን ነገ የሚሆን ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት እናታችን ወለደች። አራስ የሚጠይቅ ሞልቶ፣ አራስ ቤት የሚሠራ ጠፋና መልእክት መጣ። መልእክቱ «ልጆቹ ይምጡ» አይልም፤ «ትዋብ ትምጣ» ነው የሚለው። ሄደች። እናታችን ክርስትና አስነሥታ በእግሯ እስክትቆም ድረስ እዚያው ቆየች። እሷ እዚያ ገንፎ ስታገነፋ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ መምህሩ ማዕዘንን ከነሳይኑ ከነኮሳይኑ፣ በኤክስና በዋይ መስመር ላይ አስቀምጦ አስተምሮን ጨረሰ። ስትመለስ ሌላውን ሁሉ አንብባ ደረሰችበት፤ ያ ምዕራፍ ግን አልገፋ አላት። «አንተ ገብቶህ የለም እንዴ፣ ንገረኝ እንጂ» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። ነገ ኳስ ነበረብኝ።

እንዲህ እያልሁ ሳዘገያት ፈተናው ተቃረበ። በግንቦት ወር በአንድ እሑድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስንቅ ልናመጣ ወጥተን ሳለ፣ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲበተን ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያዘችኝ። «ዛሬ ካላስተማርኸኝ ስንቁን ብቻህን ትሸከመዋለህ» አለች። ከእጃችን ወረቀት የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት አባዬ ስንቴ ሲለው ሰምቼዋለሁ። ግን ያው የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊቱን በቃሌ የወጣሁ፣ ማወቅ ማለት በቃል መያዝ የሚመስለኝ፣ በዚያ ላይ መታየት የምወድ። ዙሪያዬን ሳይ ቤተክርስቲያናችን ክብ ነው፤ በሮቹም በየአቅጣጫው ናቸው። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ መጥፎ ነበር አልልም።

የቅዳሴው ኅብስት ወደሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት፣ በስተምሥራቅ ወዳለችው ቤተልሔም ወሰድኋት። «መነሻችን ይቺ ናት፤ ዜሮ ዲግሪ» አልኋት። «ከዚህ ተነሥተን በሰሜን፣ በወንዶቹ በር በኩል እንዞራለን። ወንዶቹ በር ስንደርስ ዘጠና ነው። በምዕራብ ቅኔ ማኅሌቱ ጋ መቶ ሰማንያ፤ በደቡብ የሴቶቹ በር ሁለት መቶ ሰባ። ኮሳይን ማለት ወደ ቤተልሔም ማድላት ነው። ወደ እሷ ካደላሽ ፖዘቲቭ፣ ከራቅሻት ኔጌቲቭ። ሳይን ደግሞ ወደ ወንዶቹ በር ማድላት ነው።»

«የሴቶቹ በር ምነው ኔጌቲቭ ሆነ?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትይኛለሽ፤ መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ወንድ ነዋ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ መዞር ጀመረች።

ዞርን፣ ደግመን ዞርን። ሁለት ልጆች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቤተክርስቲያን ሲዞሩ ያዩ አንድ ሽማግሌ ከዋርካው ሥር ሆነው፣ «ሸጋ ልጆች፤ ስለት አለባችሁ?» አሉን። ትዋብ «አዎ አያ፣ ስለት ነው» አለቻቸው። አልዋሸችም፤ ለእሷ ከስለት የሚያንስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው አባዬ ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ እህቴን ሳስተምር ቢያየኝ እንዴት ደስ እንደሚለው ነበር።

ከመንደራችን እስከ ኮሶዬ ስንቁን ተሸክመን ስንወርድም አላቆምንም። መንገዱ የገብስ ማሳ ለማሳ ነው፤ ገና ስለታረሰ አፈሩ ይሸታል፤ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

«መቶ ሃምሳ ዲግሪ?» እላለሁ።

«የወንዶቹን በር አልፌ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ሳልደርስ። ሳይን ፖዘቲቭ፣ ኮሳይን ኔጌቲቭ።»

«ሦስት መቶ?»

«የሴቶቹን በር አልፌ ወደ ቤተልሔም ስመለስ። ኮሳይን ፖዘቲቭ፣ ሳይን ኔጌቲቭ። ከበድ ያለ የለህም እንዴ?»

አንድም አልሳተችም። መምህሬ ለእኔ ስንት ቀን የፈጀበትን እኔ በአንድ ከሰዓት ማስተማሬን ሳስበው ልቤ አበጠ። እንዲህ ያለ ኩራት ሲመጣ ሰው ጠርጠር ማድረግ ነበረበት።

ኮሶዬ ደርሰን መኪና ስንጠብቅ ሴቶች በሰፌድ የተቀቀለ ድንች ይሸጡ ነበር። ገዛሁና ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ትዋብ በግራዬ በኩል፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ቁጢጥ አለች፤ እንጨት አንሥታም አቧራው ላይ መሣል ጀመረች። አንድ ክብ፣ ክቡን ለአራት የሚከፍሉ ሁለት መስመሮች፣ ከዚያ ቤተልሔምን በትንሽ ነጥብ። ከነጥቧ ተነሥታ ቀስቱን በወንዶቹ በር በኩል አዞረችው። እኔ ከተቀመጥሁበት ሳየው ልክ እንደ መጽሐፉ ነው፤ መነሻው በስተቀኜ፣ የወንዶቹ በር ከላይ።

«እየው እስቲ» አለችኝ።

«ሸጋ ነው» አልኋት፤ አፌ ድንች እንደ ጎረሰ።

«ተነሥተህ እየው እንጂ። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው የማደርገው?»

«ከዚህ ይታየኛል እታለም። አለቀ፤ ምንም አልቀረሽም።»

ድንቹ ትኩስ ነበር። አልተነሣሁም።

ፈተናው ደረሰ። ሂሳቡን በተፈተንንበት ቀን ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተፈታኙ ሁሉ መልስ ሲያመሳክር፣ እኔና ትዋብም ወደ ቤታችን ስንወርድ ቀሐ ዛፎቹ ሥር ቆምን። ፊቷ በርቷል። «የማዕዘኑ ጥያቄ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉንም ሠራሁት» አለችኝና እንዴት እንደሠራችው ልታሳየኝ በእርጥቡ መሬት ላይ መሣል ጀመረች። በዚህ ጊዜ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ክቡን ሣለች፣ መስመሮቹን አሠመረች፤ ቤተልሔምንም ከላይ፣ ከአናቱ ላይ አስቀመጠቻት።

«ምነው ከላይ አደረግሻት?» አልኋት።

«የት ላድርጋት? ምሥራቅ አይደለች?» አለችኝ። «ወደ ምሥራቅ ዞረን አይደል የምንጸልየው? ፊት ለፊቴ ናታ።»

እውነቷን ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትቆም ምሥራቅ ከፊቷ ነው፤ በስተቀኟ ሆኖ አያውቅም። የፈተናው ጥያቄ ግን በኤክስና በዋይ ሥዕል ላይ የተሰጠ ነበር፤ እነሱም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ኤክስ ወደ ቀኝ፣ ዋይ ወደ ላይ ነው፤ ማዕዘንም የሚነሣው ከቀኙ ክንድ ነው። እሷ ከላይ እየተነሣች ስለቆጠረች መቶ ሃምሳ ዲግሪዋ ከላይ በግራ መውደቅ ሲገባው ከታች በግራ ወደቀ፤ ሳይኑ ፖዘቲቭ መሆን ሲገባው ኔጌቲቭ ሆነ። ወረቀቷን ሩብ ዙር ብታዞራት ሁሉም ልክ ይሆን ነበር። ይህን ነገርኋት። ሁልጊዜም ቶሎ ነው የሚገባት፤ ገባት።

«አይተኸው ልክ ነው ብለኸኝ ነበር'ኮ» አለች ቀስ ብላ።

«አይቼው ነበር።»

ሥዕሉን በጫማዋ አጠፋችው። እንባ አላየሁባትም፤ ባይባት ይሻለኝ ነበር። «አባዬ እንዳይሰማ» አለችኝ። እኔው ልንገረው አልኋት። «ምን ብለህ? ቤተክርስቲያን እያዞርሁ አሳሳትኋት ብለህ?» ብላ ሳቀች። «አንተን ቢቆጣህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ተወው።»

ፈተናው አልቆ ወደ መንደራችን ስንመለስ መኪናው ኮሶዬ ላይ አወረደን። ትዋብ ውኃ ልትጠጣ ወደ አንዱ ቤት ስትገባ እኔ ወደዚያ ድንጋይ ሄድሁ። ዝናቡ ሥዕሉን አጥቦታል። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ እሷ በነበረችበት ቁጢጥ አልሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ከእሷ ቦታ ቤተልሔም ፊት ለፊት፣ ከላይ ናት፤ ከእኔ ድንጋይ ግን በስተቀኝ። አንዱን ሥዕል ነበር ሁለታችን ያየነው። እሷ ባለችበት ቆሜ ቢሆን ኖሮ ገና ሳየው፣ «እታለም፣ ወረቀት ላይ መነሻሽ በቀኝሽ ይሁን» እላት ነበር፤ ነገሩም በዚያ ያልቅ ነበር። ይህችን ብቻ ለትዋብ አልነገርኋትም። ስህተቱ የሁለታችን መስሏት ይቅር አልሁ።

ያ ክረምት እንዴት ረጅም ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እኔ አለፍሁ፤ እሷ በሂሳብ ወደቀች። አባዬ ፊቱ ጠቁሮ፣ «ምነው ልጄ? ደህና ትሠሪ አልነበረም?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «አራስ ቤት የባከነው ጊዜ ነው አባዬ፤ በኋላም አልበረታሁ» አለችው። እኔ ከአጠገቧ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ጎበዝ፣ ምናለ ብታግዛት ኖሮ?» አለኝ። «አግዞኛል» አለች ትዋብ ቀድማኝ። ከዚያ ሰዓት የከፋ ሰዓት በዕድሜዬ አላየሁም።

በመስከረም እኔ ጎንደር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ወረድሁ፤ የቀሐዋን ክፍል ብቻዬን ተከራየሁ። እሷ በጥር ተዳረች። በሠርጓ ዋዜማ ስንቄን የቋጠረችልኝ እሷ ነበረች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ልጆቿም ያምራሉ፤ ምግብ ቤቷም ከደባርቅ እስከ ጎንደር የታወቀ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ታዲያ ምን ጎደላት ይለኛል። ሌላም ጥያቄ ስታ ይሆናል፣ ያን ባትስትም ትወድቅ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ጠመኔውን ይዤ መስቀለኛውን መስመር ስሠራ፣ ከጀርባዬ ትዋብ ቁጢጥ ብላ «ተነሥተህ እየው እንጂ» የምትለኝ ይመስለኛል። ተማሪዎቼ ወረቀታቸውን ሲያሳዩኝ ከፊታቸው ቆሜ አላይም፤ ዞሬ ከኋላቸው ነው የማየው። ልማድ ይመስላቸዋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው እል ነበር፤ የወጋሁት እኔ ሳልረሳ እሷ ረስታዋለች። ያን እሑድ አንሥታው አታውቅም። ስመጣ ትስቃለች፣ ከሳህ ትለኛለች፣ ድንቹን ታቀርባለች።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ እዚያው ቁጭ ብያለሁ፤ ልጅቷም ከጠረጴዛው ማዶ መልሴን ትጠብቃለች። መልሱ ምላሴ ላይ ነው። ወረቀቱ ግን ከእኔ በኩል ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። የላጥሁትን ድንች ሳህኑ ላይ መለስሁና ተነሣሁ፤ ጠረጴዛውን ዞሬ ከልጅቷ ኋላ ቆምሁ። «በመጀመሪያ፣ መነሻሽ የቱ ነው?» አልኋት። በቀኟ ያለውን ክንድ በጣቷ ነካችው። ልክ ነበረች።

ትዋብ መክተፏን አላቆመችም፤ ቀናም አላለች።

«ዛሬስ ተነሣህ» አለች።

ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔንም እናቷንም አየች። «ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«ምንም» አለች ትዋብ፤ ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ጨመረችው። «አጎትሽ ድሮ ድንች ከያዘ አይነሣም ነበር። አሁን ንገራት፣ ልጄን አታስጠብቅብኝ።»

ሥዕሉ ከዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚታይ እኔ ብቻ የማውቀው መስሎኝ ነበር። እሷም ሄዳ ተቀምጣበት ኖሯል፤ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ያን ሁሉ ዓመት ድንቹን ስታቀርብልኝ እያወቀች ነው። ይቅርታ ልበላት ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ ልጅቷ ግን እርሳሷን ይዛ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ነገርኋት፤ ቀስ ብዬ፣ በወረቀት ላይ። ስንጨርስ ወደ ቦታዬ አልተመለስሁም። የቀረውን ድንች እዚያው ከኋላዋ ቆሜ በላሁት።